የኮርያ ጥንታዊ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር

የኮርያ ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር በመርከብ ተጉዞ ቡሳን ከሚባለው ወደብ ከወረደ ጀምሮ ይህ ስም በብዙ ቤት ሲነሣ ኖሯል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ከኮርያ የመጣ መኪና በመንገዳችን ይሄዳል፤ ከኮርያ የመጣ ስልክም በኪሳችን ይገኛል። ነገር ግን አገሩን በጦርነቱና በፋብሪካው እናውቀዋለን እንጂ፣ ሕዝቡ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ በእጁ የሠራውን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በተሰጠኝ ጊዜ ስለ ኮርያ ጥንታዊ ጥበብ ታሪክ በአጭሩ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የጥበብ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የትኛው ሥራ ከሁሉ እንደሚያምር ነው። በኮርያ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ ይኸውም ሠሪው እውቀቱን ለማን አስረከበ? የሚለው ነው። በዚህ አገር ብዙ ነገር ተሰብሯል፣ ተቃጥሏል፣ ተዘርፏል። የሚሠራው እጅ በሕይወት እስካለ ድረስ የጠፋው ተመልሶ ተሠርቷል፤ እጁ ሲጠፋ ግን ዕቃው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቆሞ ሳለ ጥበቡ ሞቷል። ንግግሬን ስትሰሙ ይህን አሳብ ይዛችሁ እንድትከተሉኝ እለምናለሁ።

ኮርያ በምሥራቅ እስያ ጫፍ ወደ ባሕር ዘልቆ የገባ ተራራማ ምድር ነው። በአንድ ወገን ከታላቂቱ ቻይና ጋር ይዋሰናል፤ በሌላው ወገን ጃፓን ከባሕሩ ማዶ ትገኛለች። ከቻይና ጽሕፈትና የቡድሃ ሃይማኖት መጡ፤ ከኮርያም ወደ ጃፓን ተሻገሩ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰዎች ኮርያን ሌሎች የሚያልፉበት ድልድይ ብቻ አድርገው ይቈጥሯት ነበር። ነገር ግን ሥራዎቿን ቀርቦ ያየ ሰው፣ የተቀበለችውን ሁሉ በራሷ መልክ እንደገና እንደ ሠራችው ይረዳል።

ከሁሉ የቀደመውን ሥራ የምናገኘው በደቡብ ምሥራቅ፣ ኡልሳን ከምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ በወንዝ ዳር በቆመ ገደል ላይ ከታሪክ በፊት የነበሩ ሰዎች ዓሣ ነባሪዎችን፣ አጋዘኖችንና በጀልባ ሆነው የሚያድኑ ሰዎችን በድንጋይ ቀርጸዋል። ሊቃውንት ይህን ገደል ያገኙት በ1971 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2025 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የቀረጹት ሰዎች ስማቸውም ቋንቋቸውም አልተረፈም፤ የተረፈው የእጃቸው ሥራ ብቻ ነው።

ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ምድሪቱ በሦስት መንግሥታት ተከፈለች። እነርሱም በሰሜን ጎጉርዮ፣ በደቡብ ምዕራብ ቤክጄ፣ በደቡብ ምሥራቅ ሺላ ይባሉ ነበር። የጎጉርዮ ሰዎች የመኳንንቶቻቸውን መቃብር እንደ ቤት በድንጋይ ሠርተው፣ በግድግዳው ላይ አዳኞችን በፈረስ ሲጋልቡ፣ ሴቶችን ሲጨፍሩ፣ አራቱንም ማዕዘናት የሚጠብቁ የተረት እንስሶችን ሥለዋል። የቤክጄ ሰዎች ደግሞ በለስላሳና በረቀቀ ሥራ የታወቁ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ቡዮ በምትባለው በቀድሞ ዋና ከተማቸው አጠገብ፣ ለመኪና ማቆሚያ ሊሆን በታሰበ ስፍራ ሲቈፈር፣ ቁመቱ 61.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ማዕጠንት ከጭቃ ውስጥ ወጣ። እግሩ ዘንዶ ነው፤ ሆዱ የሎተስ አበባ ነው፤ ክዳኑም ተራራ በተራራ ላይ የተደራረበበት ሆኖ፣ በተራሮቹ መካከል ሙዚቀኞችና አራዊት ይታያሉ። ከጫፉም ላይ አንድ የተረት ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ዕጣኑ ሲጤስ ጢሱ ከተራሮቹ መካከል እንደ ጉም እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው።

የሺላ ሰዎች ደግሞ የወርቅ ሠራተኞች ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. በግዮንግጁ ከተማ ቤት ለመሥራት መሬት ሲቈፈር፣ ከአንድ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ የወርቅ ዘውድ ተገኘ። ከዚያ በኋላም ሌሎች ተገኝተዋል። እነዚህ ዘውዶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍና እንደ አጋዘን ቀንድ ወደ ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይና ቀጫጭን የወርቅ ቅጠል ተንጠልጥሎባቸዋል። ሰው ሲነካቸው ቅጠሎቹ ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ።

በሰባተኛው መቶ ዓመት ሺላ ሌሎቹን ሁለት መንግሥታት አሸነፈች። የዚያ ዘመን ታላቅ ሥራ በ751 ዓ.ም. የተጀመረው ሶክጉራም የሚባለው የተራራ ቤተ ጸሎት ነው። ሠሪዎቹ ጠንካራውን የግራኒት ድንጋይ ጠርበው፣ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ እያያያዙ ክብ ጣሪያ ሠሩ፤ በመካከሉም ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል የሚያህል የቡድሃ ምስል አስቀመጡ። ከዚያም ላዩን በአፈር አለበሱት። ድንጋዮቹ በመካከላቸው አየር እንዲተላለፍ ሆነው ስለ ተሠሩ ቤቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆየ። ነገር ግን ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ ጃፓኖች ሊያድሱት ሲነሡ በዙሪያው ሲሚንቶ አፈሰሱበት። የአየሩ መተላለፊያ ስለ ተዘጋ እርጥበት ገብቶ ድንጋዩን ይጎዳ ጀመር፤ ዛሬም ምስሉ በመስተዋት ተከልሎ፣ እርጥበቱ በመኪና ኃይል እየደረቀ ይጠበቃል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ያለ መኪና የሠሩትን፣ የኋላ ሰዎች በመኪና እንኳ በብዙ ድካም ይጠብቁታል።

ከዚሁ ዘመን አንድ ታላቅ የነሐስ ደወል በግዮንግጁ ሙዚየም ይገኛል። ክብደቱ 18.9 ቶን ነው። ንጉሥ ግዮንግዶክ ለአባቱ ለንጉሥ ሶንግዶክ መታሰቢያ ብሎ ሥራውን አስጀመረ፤ ሳይፈጸም ግን ሞተ። ደወሉ የተፈጸመው በልጁ ዘመን፣ በ771 ዓ.ም. ነው። አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ ደወሉ ደጋግሞ ተበላሽቶ አልሰማ ስላለ አንድ ሕፃን በቀለጠው ነሐስ ውስጥ ተጣለ፤ ስለዚህ ሲመታ ድምፁ እናቱን የሚጠራ ልጅ ድምፅ ይመስላል ይላሉ። ይህ ተረት ነው፤ ሆኖም ያን የሚያህል ደወል ለማፍሰስ ሠራተኞቹ ምን ያህል እንደ ተቸገሩ ሕዝቡ ያልረሳ መሆኑን ያሳያል።

በ918 ዓ.ም. የጎርዮ መንግሥት ተነሣ፤ ኮርያ የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። የጎርዮ ክብር ሴላዶን የሚባለው አረንጓዴ ሸክላ ነው። በ1123 ዓ.ም. ከቻይና ንጉሠ ነገሥት የተላከ አንድ መልእክተኛ ይህን ሸክላ አይቶ በመጽሐፉ አደነቀው። የሚያስደንቀው ነገር ሴላዶንን መሥራት ለኮርያ ያስተማሩት ቻይናውያን ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ መምህሩ የደቀ መዝሙሩን ሥራ አደነቀ ማለት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሸክላ ሠሪው ዕቃውን በመንኰራኵር ላይ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ፣ ጭቃው ጠንከር ሲል በስለት አበባ ወይም ወፍ ይቀርጽበታል። በተቀረጸው ስፍራ ነጭና ቀይ ጭቃ ይሞላና ትርፉን ይፍቀዋል። አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ጥቂት ብረት ያለበት መስተዋት መሰል ቅብ ይቀባል፤ ከዚያም ወደ እቶን ተመልሶ በብርቱ እሳት ይቃጠላል። በዚህ ጊዜ ወደ እቶኑ የሚገባው አየር መቀነስ አለበት። አየሩ ሲያንስ ብረቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ አየር ከበዛበት ግን ወደ ቡናማ ይለወጣል። ነጩ ጭቃ ነጭ እንደ ሆነ ሲቀር ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል። በዚያ ዘመን የእሳትን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም፤ ሠሪው የሚያውቀው በነበልባሉ ቀለም ነበር። ይህን ደግሞ በመጽሐፍ መማር አይቻልም፤ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ ብዙ ሌሊት እሳት ሲያይ ይማረዋል እንጂ።

ከ1231 ዓ.ም. ጀምሮ ሞንጎሎች ጎርዮን ወረሩ። በወረራው ጊዜ፣ በ1232 ዓ.ም.፣ የቡድሃ ቅዱሳት መጻሕፍት የተቀረጹበት የእንጨት ማተሚያ ሁሉ ተቃጠለ። መንግሥቱ ወደ ጋንግህዋ ደሴት ሸሽቶ ሳለ ሥራውን እንደገና አስጀመረ። ከ1236 እስከ 1251 ዓ.ም. ጠራቢዎች በ81,258 የእንጨት ሰሌዳዎች ላይ ፊደሉን ወደ ኋላ ገልብጠው ቀረጹ። ይህም የሆነው የመጀመሪያው ሲቃጠል የመቅረጹ ሙያ በጠራቢዎች እጅ ስለ ነበረ ነው። ሰሌዳዎቹ ዛሬ ሄኢንሳ በሚባለው የተራራ ገዳም ይገኛሉ። የሚኖሩበት ቤት መስኮቶቹ በፊትና በኋላ፣ በላይና በታች ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ሆነው፣ ወለሉም ከሰል፣ ጨውና ኖራ ገብቶበት ተደልድሏል። እንዲህ በመሆኑ አየሩ ይዘዋወራል፤ እንጨቱም አይበሰብስም።

ከዚህም በላይ የጎርዮ ሰዎች ከብረታ ብረት ፊደል እያፈሰሱ፣ እየለቀሙና እየደረደሩ ያትሙ ነበር። በ1377 ዓ.ም. ቾንግጁ በምትባል ከተማ በዚህ ዓይነት የታተመው ጂክጂ የሚባለው መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ተርፏል። ይህም ጉተንበርግ በጀርመን አገር መጽሐፍ ቅዱስን ከማተሙ በፊት 78 ዓመት ያህል ነው። የተረፈው ሁለተኛው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የሚገኘውም በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ወደ ሴላዶኑ እንመለስ። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የባሕር ወንበዴዎች ጠረፉን ስለ ዘረፉ፣ በጋንግጂን የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች ምድጃቸውን ጥለው ወደ መሀል አገር ተበተኑ። በ1392 ዓ.ም. የጆሶን መንግሥት ሲቆም ደግሞ የኮንፉሽየስ ትምህርት ስለ ሠለጠነ፣ ጌጥ የሌለው ነጭ ዕቃ ከአረንጓዴው ይልቅ ተወደደ። የሴላዶን እሳት ቀስ በቀስ ጠፋ። ያን አረንጓዴ የሚያወጣ እጅ ከአገሩ ላይ ታጣ።

ከጆሶን ነጭ ዕቃዎች የሚወደደው የጨረቃ እንስራ የሚባለው ነው። ትልቅ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ማውጣት አይቻልም፤ ሠሪው ሁለት ትልልቅ ገበታዎች ሠርቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደፍቶ ያጋጥማል። ስለዚህ ወገቡ ላይ መጋጠሚያው ይታወቃል፤ ክብነቱም ጥቂት ይዛነፋል። ኮርያውያን ይህን መዛነፍ አይነቅፉትም፤ ሙሉ ጨረቃም ከተራራ ጀርባ ስትወጣ እንዲሁ ትመስላለች ይላሉ። ይሁን እንጂ እንስራውን የወደዱት መኳንንት ሠሪውን አልወደዱትም። ሸክላ ሠሪ ከዝቅተኞች ወገን ይቈጠር ነበር፤ በዕቃውም ላይ ስሙን አይጽፍም።

የሠዓሊዎች ስም ግን ተጽፎ ቀርቷል። ጆንግ ሶን ከ1676 እስከ 1759 ዓ.ም. የኖረ ሠዓሊ ነው። ከእርሱ በፊት ብዙዎች በዓይናቸው ያላዩትን የቻይና ተራራ ከመጽሐፍ እየገለበጡ ይሥሉ ነበር፤ እርሱ ግን በአገሩ ተራሮች ተዘዋውሮ ያየውን ሣለ። ኪም ሆንግዶ የተባለው ሠዓሊ ደግሞ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የተራ ሰዎችን ኑሮ ሥሏል፤ ትግል የሚታገሉትን፣ ቤት የሚሠሩትን፣ እህል የሚወቁትን አሳይቷል። ከሥዕሎቹ አንዱ የመንደር ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ በመካከል ተቀምጠዋል፤ አንድ ልጅ ትምህርቱን ሳያጠና መጥቶ ይመስላል፣ ጀርባውን ሰጥቶ እንባውን ይጠርጋል፤ ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሳቃቸውን ሊይዙ አልቻሉም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ሥዕል ለማንኛችንም አስተርጓሚ የሚያሻው አይመስለኝም።

አሁን ስለ ጥፋቱ መናገር አለብኝ። ከ1592 እስከ 1598 ዓ.ም. የጃፓን ጦር ኮርያን ወረረ። ወራሪዎቹ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሸክላ ሠሪዎቹን ከነቤተ ሰባቸው ማርከው በመርከብ ወሰዱ። ከእነርሱ አንዱ ዪ ሳም-ፕዮንግ የተባለው አሪታ በሚባል ስፍራ ነጭ ሸክላ እንዲሠራ መንገድ ከፈተ ይባላል፤ የአሪታም ሸክላ በሆላንድ መርከቦች እስከ አውሮፓ ደርሶ ጃፓንን አስመሰገነ። በገዛ አገሩ ስሙ የማይጻፍ የነበረው ሸክላ ሠሪ በጃፓን አገር ሐውልት ቆመለት። ማራኪዎቹ አንድ ነገር አውቀው ነበር፤ እንስራ የወሰደ አንድ እንስራ አለው፤ ሠሪውን የወሰደ ግን ጥበቡን ወሰደ።

ከ1910 እስከ 1945 ዓ.ም. ኮርያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ወደቀች። ሴላዶን ለማግኘት መቃብሮች እየተቈፈሩ ዕቃው ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ጆን ህዮንግ-ፒል የሚባል በ1906 ዓ.ም. የተወለደ ባለጸጋ፣ የወረሰውን ሀብት ለአገሩ ቅርስ መግዣ አደረገው። በ1935 ዓ.ም. ብዙ ቤቶች ሊገዙ በሚችሉበት ዋጋ ነጫጭ ወፎች በደመና መካከል የሚበሩበትን አንድ የሴላዶን ዕቃ ገዛ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ሴጆንግ የፈጠረውን የኮርያ ፊደል የሚያስረዳውን የ1446 ዓ.ም. መጽሐፍ አገኘ። ሻጩ ከጠየቀው ዋጋ ዐሥር እጥፍ ከፈለ ይባላል። ያን ጊዜ የኮርያ ቋንቋ በትምህርት ቤት እንዳይሰጥ ተከልክሎ ስለ ነበር መጽሐፉን ሸሽጎ አቆየው። የራሳችን ፊደል ላለን ለእኛ የዚህ ሰው ሥራ ትርጉም ግልጽ ነው።

ነፃነቱ ከተመለሰ አምስት ዓመት ሳይሞላ በ1950 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። የብሔራዊው ሙዚየም ዕቃዎች በሣጥን ታሽገው ወደ ቡሳን ተላኩ። የእኛም ወታደሮች ኮርያ በደረሱበት በ1951 ዓ.ም.፣ ኪም ዮንግ-ህዋን የተባለ የኮርያ አየር ኃይል መኰንን በሄኢንሳ ገዳም አካባቢ የተሸሸጉ ሽምቅ ተዋጊዎችን በቦምብ እንዲመታ ታዘዘ። እርሱ ግን ሰሌዳዎቹን በማሰብ ቦምቡን በገዳሙ ላይ ሳይጥል ቀረ። ያ ጦርነት ለብዙ አገር ልጆች መቃብር ሆኗል፤ ለወደቁት ኢትዮጵያውያንም በ1968 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በቹንቾን ከተማ ሐውልት ተመርቋል።

ከጦርነቱ በኋላ ኮርያ ድሀ አገር ነበረች። ቢሆንም በ1962 ዓ.ም. ቅርስ የሚጠበቅበትን ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ መሠረት የሚጠበቀው ሕንፃና ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ሙያውን የያዘው ሰውም እንዲጠበቅ ሆነ። ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ዘፋኙ የሙያው ባለ አደራ ተብሎ ይሰየማል፤ ከመንግሥት ድጎማ ይቀበላል፤ ግዴታውም ለወጣቶች ማስተማር ነው። ጠፍቶ የነበረውም ሴላዶን በዘመናችን ተመልሷል። ዩ ግን-ህዮንግ የሚባለው ሸክላ ሠሪ በጥንቶቹ እቶኖች ፍርስራሽ ስባሪ እየለቀመ፣ ጭቃውንና ቅቡን እየመረመረ፣ ብዙ ዓመት ደክሞ የጎርዮን አረንጓዴ እንደገና ካወጡት ሰዎች አንዱ ነው። ከአባት በቀላሉ የሚገኘውን ከስባሪ ለማግኘት ይህን ያህል ድካም አስፈለገ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ አደጋው አልቀረም። በሶል ከተማ በ1398 ዓ.ም. የተሠራ ታላቅ የከተማ በር አለ። በ2008 ዓ.ም. አንድ ሰው እሳት ለቀቀበትና የእንጨቱ ሰገነት ተቃጠለ። በጥንቱ አሠራር ታድሶ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ነገር ግን ጥቂት ወራት ሳይቆይ የእንጨቱ ቀለም ይላጥ ጀመር። በሥራው ላይ ኬሚካል መደባለቁ ታወቀ። ጥንታዊው የቀለምና የሙጫ አሠራር በአገሩ ውስጥ ተቋርጦ ስለ ነበር ዕቃው ከጃፓን እንዲመጣ ተደርጎ ነበር። ገንዘብ አልጐደለም፤ የበሩም ንድፍ አልጠፋም፤ የጐደለው ሳይቋረጥ የመጣ እጅ ነበር።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ብዙዎቻችን ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ለመሆን እናስባለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከኮርያ ታሪክ እንደ ሰማችሁት፣ ሠሪውን ንቆ ሥራውን የወደደ አገር ዋጋውን ከፍሏል። በእኛም አገር ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል። በጀበናቸው ቡናችንን እንጠጣለን፤ በሸማቸው እናጌጣለን፤ ልጃችን ያን ሙያ ቢመርጥ ግን እናዝናለን።

ስለዚህ ወላጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ሙያ ያለው ሰው በጎረቤታችሁ ቢኖር፣ ልጆቻችሁ ከአጠገቡ ቆመው እንዲያዩ ፍቀዱላቸው። እናንተም ጓደኞቼ፣ በእረፍት ጊዜያችሁ ወደ አንድ ሽማግሌ ወይም ወደ አንዲት አሮጊት ሄዳችሁ የሚሠሩትን ጠይቁ፤ ጻፉም። መጻፍ ብቻ ግን አይበቃም፤ እጃችሁንም ጭቃው ውስጥ አግቡ። የእቶን እሳት ቀለም በደብተር አይገለበጥምና።